የፀረ ስርቆት መለያው ቆርቆሮ ላይ ሲለጠፍ አልሠራ አለኝ
ደብረ ማርቆስ ለሚገኝ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር የፀረ ስርቆት መለያ እያዘጋጀሁ ሳለ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ ስደርስ ሥራው ቆሞብኛል። በሩ ላይ የተተከለው መቆጣጠሪያ በ8.2 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈውን መለያ ሳይስት ይይዛል፤ ያንኑ መለያ ቆርቆሮ ላይ ስለጥፈው ግን ጭራሽ አያውቀውም። ምክንያቱ አልጠፋኝም፤ የበሩ መግነጢሳዊ መስክ በብረቱ ውስጥ የሚፈጥረው አዙሪት የኤሌክትሪክ ጅረት መስኩን መልሶ ስለሚቃወም የመለያው ጥቅል ኢንዳክታንስ (በመግነጢሳዊ መስክ ኃይል የማከማቸት አቅሙ) ይቀንሳል፣ የሬዞናንስ ድግግሞሹም (መለያው ለበሩ ምላሽ የሚሰጥበት ድግግሞሽ) ወደ ላይ ይሸሻል። ክዳኑ ፕላስቲክ በመሆኑ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ከሥሩ ያለው የአሉሚኒየም ሽፋን ግን ያው ብረት ነው። ከመለያው ሥር 5 ሚሊሜትር ስፖንጅ ሳስገባ መቆጣጠሪያው አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ ይሁንና እንዲህ ያበጠን መለያ ማንም በጥፍሩ ይነቅለዋል።

አሁን ያሰብሁት በመለያውና በቆርቆሮው መካከል ስስ የፌራይት (መግነጢሳዊ መስክን በቀላሉ በውስጡ የሚያሳልፍ ቁስ) ንጣፍ ማስገባት ነው። ፌራይቱ ኢንዳክታንሱን ሲጨምር ብረቱ ስለሚቀንሰው፣ የሁለቱ ድምር ውጤት 8.2 ላይ እንዲያርፍ የንጣፉን ውፍረት ወይስ የካፓሲተሩን (ከጥቅሉ ጋር ሆኖ ድግግሞሹን የሚወስነው የመለያው ክፍል) መጠን አስቀድሜ ልወስን? መለያው ቆርቆሮው ላይ እንደተለጠፈ ድግግሞሹን የምለካበትን ዘዴ የምታውቁ ባለሙያዎችም እንድትጠቁሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።