ለ7ኛ ክፍል ተጨማሪ ክፍልና የኮምፒውተር ክፍል ከከተማው እንዴት ይጠየቃል? (ሐዋሳ)

ወላጅ_ታቦር
ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤታችን 7ኛ ክፍል ላይ 312 ተማሪ በ4 ክፍል ይዟል፤ ባንድ ክፍል 78 ማለት ነው። ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂም የ7ኛ ክፍል ትምህርት ሆኗል፣ ግን ኮምፒውተር የሚቀመጥበት ክፍል የለም። አንዱ ቢሮ "ፖሊሲው የሚኒስቴሩ ነው"፣ ሌላው "የክልሉ ነው" ይላል። ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ለማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ ይጻፍ?

ዕቅድና_በጀት
የሚሏችሁ ግማሹ እውነት ነው። የሥርዓተ ትምህርቱ ማዕቀፍና የ12ኛ ክፍል ፈተና የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ፈተናና የታችኛው እርከን መጻሕፍት የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ያውም ከ2012 ወዲህ የሲዳማ። ክፍል መሥራት፣ መምህር መመደብና በጀት መያዝ ግን ከተማው ላይ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ለከተማው ትምህርት መምሪያ ይሂድ።

"ተጨናንቀናል" ብላችሁ አትጻፉ፤ ሁሉም የሚጽፈው ያንን ነው። ቁጥር አስቀምጡ። ባንድ ክፍል 50 ተማሪ ብትይዙ 312 ተማሪ 7 ክፍል ይፈልጋል፣ 3 ይጎድላችኋል። የዘንድሮውን 6ኛ ክፍል ቁጥርም ጨምሩ፤ ሕንፃው የሚደርሰው ለእነሱ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው የመምህር መደቡን፣ ማለትም የቅጥር ቦታውን ነው። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ብንይዝ 7 ክፍል 35 ይሆናል፤ አንድ መምህር 25 ቢያስተምር አሥሩ ይንሳፈፋል። የመምህር መደብ በሲቪል ሰርቪስ በኩል ስለሚጸድቅ ከክፍሉ ጋር አብሮ ካልተጠየቀ፣ አዲሱ ክፍል ተሠርቶ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ውስጥ ይከርማል።

ጊዜው ደግሞ፦ የተማሪ ቆጠራው ኅዳር አካባቢ ይሞላል፣ ጥያቄው ከጥር ባይዘገይ ጥሩ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና። ነሐሴ ላይ የመጣ ደብዳቤ ከመጠባበቂያ በጀት ከመለመን በቀር መንገድ የለውም።

ሣይት_ሰው
አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታችሁን አውጡና ተመልከቱ። ካርታ ከሌለ ወይም የአጥር ክርክር ካለ የግንባታ ፈቃዱ እዚያው ይቆማል፤ በጀት የተያዘለት ብሎክ በዚህ ምክንያት ሲታጠፍ አዲስ ነገር አይደለም።

ኅብረተሰቡ ሲሚንቶ ወይም ዴስክ ከሰጠ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ያድርገው፣ ሲወጣ በሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ)። ገንዘብ ከሆነ ሕጋዊ ደረሰኝ። መዋጮውም በፈቃድ ይሁን፤ ከምዝገባ ጋር ካያያዛችሁት ክፍያ ሆነ ማለት ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ያንን ማድረግ አይችልም።

ኤሌክትሪክ
የኮምፒውተር ክፍሉን በተመለከተ፣ ኮምፒውተር ብቻ አትጠይቁ። 20 ዴስክቶፕ እያንዳንዳቸው 200 ዋት ብንል 4000 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 18 አምፔር ይስባል። ከነባሩ የሶኬት መስመር ላይ ከቀጠላችሁት ባለ 16 አምፔር ብሬከሩ ልጆቹ ሁሉንም ሲያበሩ ሊወርድ ይችላል። ከዚያ አንዱ "ብልሃተኛ" ብሬከሩን በ32 ይቀይረዋል፣ ሽቦው ግን ያው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ስለሆነ መጋል ይጀምራል። ሁለት የተለያየ መስመር፣ በየመስመሩ 10 ኮምፒውተር፣ ምድር ሽቦ ያለው፤ ይህ በጨረታው ዝርዝር ውስጥ ይግባ። የመስኮት ፍርግርግም እንዳይረሳ።

ወላጅ_ታቦር
እግዜር ይስጥልኝ። ሕንፃው እስኪደርስ ፈረቃ ብናደርግስ?

ዕቅድና_በጀት
ይቻላል፤ 4 ክፍል ጠዋት፣ 3 ክፍል ከሰዓት። የመምህር ክፍለ ጊዜው ግን ያው 35 ነው፣ ፈረቃ መምህር አይተካም። የትምህርት ሰዓቱም ስለሚጠብ ፕሮግራሙን ሲያወጡ መጀመሪያ የሚቆረጠው ስፖርትና ጥበብ ነው፤ ያንን አትፍቀዱ።

የቆጠራው ቅጽ ላይ ደግሞ በፈረቃ እንደምትማሩ በትክክል ይሞላ፣ የመማሪያ ክፍሉም 4 ተብሎ ይጻፍ። 312 ተማሪ በ7 ምድብ ብቻ ተጽፎ ከሄደ ሪፖርቱ ላይ አንድ ክፍል ለ45 ተማሪ ሆናችሁ ትታያላችሁ፣ ለሚቀጥለው ዓመትም ክፍል የሚሠራው ለሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል።