ያልመረጡትን ዲፓርትመንት መማር፦ ምደባው በውጤት ብቻ ይሁን?

አወያይ፦ ምደባ በወጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ተማሪ ዲፓርትመንቶችን በቅደም ተከተል ይሞላል። ከዚያ ውጤቱ ታይቶ ቦታ እስኪሞላ ድረስ ይመደባል። አንደኛ ምርጫው ያልደረሰው የደረሰውን ይማራል። ይህ አሠራር ይቀጥል ወይስ ይቀየር?

የስታትስቲክስ ተማሪ፣ 3ኛ ዓመት፦ ይቀየር። እኔ አንደኛ የሞላሁት ኮምፒውተር ሳይንስን ነው። ስታትስቲክስን ሰባተኛ ላይ ያስገባሁት ቅጹ ባዶ ቦታ ስለማይቀበል ብቻ ነው። ዶርማችን ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሞላው። ከአራተኛ በታች ያለውን «መቼም አይደርሰንም» እያልን አንዳችን ከአንዳችን ገለበጥን። ዲፓርትመንቶቹ ምን እንደሚያስተምሩ ቀርቦ የነገረን ሰው የለም። የምንሰማው ከሲኒየሮች ነው፤ እነሱም የሚያወሩት የትኛው አስተማሪ ኤፍ እንደሚያበዛና የትኛው ትምህርት ሥራ እንደሌለው ነው። የወጪ መጋራት ውሉን ደግሞ ፈርሜያለሁ። ያልመረጥኩትን ተምሬ ዕዳውን የምከፍለው እኔ ነኝ።

የፊዚክስ መምህር፦ ልጄ፣ ቅሬታህ ይገባኛል። ግን ሁሉም የጠየቀውን ቢያገኝ ሜዲሲንና ሶፍትዌር ይጨናነቃሉ፤ የእኔ ክፍል ባዶውን ይቀራል። ነገ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማን ሊያስተምር ነው? መንግሥት በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከመቶ 70ው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር የወሰነው አገሪቱ የሚያስፈልጋትን አስቦ ነበር። በእርግጥ ያኔ የተማሪው ፍላጎት ብዙም አልታሰበም። ቢሆንም ውጤት ከተተወ በምን ይተካል? እኔ የምፈራው በዘመድ እንዳይሆን ነው። ውጤት ቢያንስ የማንንም ፊት አያይም።

የተመራቂ እናት፦ እኔም የመምህሩ ሐሳብ ይሻለኛል። ልጄ ያልመረጠው ደርሶት «ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) ሞልቼ ልምጣ» ሲለኝ እንቢ አልኩት። ቤት መጥቶ ምን ሊሠራ? አሁን ተመርቋል።

የጂኦሎጂ ምሩቅ፦ እኔ ጂኦሎጂን በሦስተኛነት ነው የሞላሁት። የመጀመሪያው ሴሚስተር በግድ ነበር፤ የማዕድን ስም ስሸመድድ ከረምኩ። ከዚያ ለመስክ ትምህርት ዓባይ በረሃ ወሰዱን። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ላይኛው ጥቁር ባዛልት ነው። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ። መምህራችን የኖራ ድንጋዩን በመዶሻ ሰብሮ ውስጡ ያለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ቅሪት አሳየን። ያ ቦታ ባሕር ነበር ማለት ነው! አውቶብስ ውስጥ ሆኜ ስንቴ አልፌበታለሁ፣ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ዲፓርትመንት ልቀየር የሚለውን ሐሳብ ተውኩት። ስለዚህ ወንድሜ፣ ያልመረጥከውን ሳታየው አትጥላው።

የስታትስቲክስ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ አንተ ቀንቶሃል፣ ደስ ይለኛል። ግን አብሮህ ዓባይ በረሃ ወርዶ ምንም ያልተሰማውስ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። አራት ዓመት ያለ ፍላጎት የተቀመጠ ልጅ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። እናቴ፣ «እንደምንም ጨርስ» የሚለው ምክር ድሮ ይሠራ ነበር። አሁን መጨረስ ብቻውን አይበቃም። መምህር፣ ውጤት ይቅር አላልኩም። እርስዎ ያሉት የዘመድ ነገር እኔንም ያሳስበኛል። የምለው፣ ምደባው ለዘለዓለም አይሁን ነው። አንድ ዓመት ተምሮ ጥሩ ውጤት ያመጣ ተማሪ ቅያሬ የመጠየቅ መብት ይኑረው።

የፊዚክስ መምህር፦ በዚህኛው እስማማለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ በየዲፓርትመንቱ የሚለቅ አይጠፋም። የሚለቀቀው ወንበር ዝም ብሎ ባዶ ከሚቀር ቢወዳደሩበት ይሻላል። ግን ቅያሬው በይፋ ተለጥፎ፣ በውጤት ይሁን፤ ቢሮ ለቢሮ በመዞር የሚገኝ ከሆነ አልደግፍም። ሌላም አለኝ። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት እያንዳንዱ ዲፓርትመንት አዳራሽ ወጥቶ ራሱን ያስተዋውቅ። እኔ ተማሪዎቼን ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

የተመራቂ እናት፦ የቅያሬው ነገር በልጄ ጊዜ ቢኖር እኔም «ሞክር» እለው ነበር። ለወላጅም ይነገረን። እኛ ስለ ምርጫው የምንሰማው ምደባው ከወጣ በኋላ ልጁ ደውሎ ሲያለቅስ ነው።