«የአይሁድ ስደት» ሲባል ስደቱ የትኛው ነው?

ባለ ብራና፦ የምናርመው ትርጉም «በጦርነቱ ዘመን በአውሮፓ አይሁድ ላይ የደረሰው ስደት» ይላል። አንባቢ ሻንጣ ይዞ አገር መልቀቅ አይመስለውም? «ማሳደድ» ይሻል ይሆን?

ፊደል ቆጣሪ፦ ምኑ ያሻማል? «ብፁዓን እለ ይሰደዱ በእንተ ጽድቅ»። መከራ መቀበል ነው። ዳዊት የደገመ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ወለተ ጽጌ፦ ታዲያ የወርኃ ጽጌው ስደትስ? እመቤታችን ግብፅ መውረዷ አይደለም እንዴ?

ፊደል ቆጣሪ፦ እታለም፣ ሄሮድስ ባያሳድድ ማን ይሰደድ ነበር?

መዝገብ አገላባጭ፦ ነገሩ ያለው ዓመቱ ላይ ነው (ሁሉንም በአውሮፓ አቆጣጠር ልጻፍ)። በ1935 የናዚ ጀርመን የኑረምበርግ ሕጎች የአይሁድን ዜግነት ገፈፉ፤ በኖቬምበር 1938 ምኩራቦች ተቃጠሉ፤ ከጀርመን የሚወጣውም «የሽሽት ግብር» እየከፈለ ሀብቱን ጥሎ ነበር። ያን ጊዜ የሚያሳድዷቸው እንዲሰደዱ ነው፤ ሁለቱም ፍች ይሠራል። መድረሻው ግን ጠባብ ነበር፦ በጁላይ 1938 ፈረንሳይ ውስጥ ኤቪያን ላይ 32 አገሮች ስለ ስደተኞቹ ሊመክሩ ተሰብስበው ብዙ ሰው እቀበላለሁ ያለችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። በኦክቶበር 1941 የናዚው ኤስኤስ አለቃ ሂምለር መውጣትን ራሱን ከለከለ። ከዚያ ወዲያ «ስደት» ብትሉ ያልነበረ በር መክፈት ነው። «ማሳደድ»ም ለግድያው ያንሳል፤ «ፍጅት» በሉት።

ይልቅ «ሰፈራ» ከሚለው ተጠንቀቁ። የናዚዎቹ «ኡምዚድሉንግ» ቃል በቃል ይኸው ነው። ጁላይ 22 ቀን 1942 በዋርሶ ጌቶ (አይሁድ በታጎሩበት የፖላንድ ከተማ ክፍል) የወጣው ማስታወቂያ «ወደ ምሥራቅ ማስፈር» ብሎ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ጓዝ ፈቀደ። ባቡሩ የሄደው ትሬብሊንካ ወደሚገኘው የመግደያ ሠፈር ነበር፤ እስከ ሴፕቴምበር 265,000 ያህል ሰው ተጓዘበት። ቃሉ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከገባ ተርጓሚው ውሸቱን በራሱ አፍ ደገመው ማለት ነው።

የደጋው፦ እኛ ዘንድ «ሰደደ» ላከ ነው፤ «ደብዳቤ ሰደደ» እንላለን። ሥሩ መላክ ነው።

ዘርዐ ሴም፦ የለም፣ ከዕብራይስጡ «ሻደድ» ጋር አንድ ግንድ ነው፤ አጠፋ፣ ዘረፈ ማለት ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ በድምፅ ዝምድና የሚቆጠር ከሆነማ «ሰደድ እሳት»ንም ጨምርና የፍጅቱ ስም «ሆሎኮስት»ም ከግእዝ ወጣ በለና!

ዘርዐ ሴም፦ አትቀልድ፤ እሱ ከግሪክ ነው፤ ፈጽሞ የሚቃጠል መሥዋዕት። ብዙ አይሁድ የማይወዱትም ለዚህ ነው፤ መሥዋዕት ለአምላክ የሚቀርብ ነውና። «ሾአ» ይላሉ። ሶፎንያስ 1፥15 ላይ አለ፤ የኛው አማርኛ «የመፍረስና የመጥፋት ቀን» ያለው።

ወለተ ጽጌ፦ ከሁለቱ «ሾአ» የትኛው ነው? መፍረሱ ወይስ መጥፋቱ?

ዘርዐ ሴም፦ መፍረሱ፤ ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ።

ፊደል ቆጣሪ፦ በቅደም ተከተል የሚተረጎም መጽሐፍ ዛሬ ሰማሁ። የኔታ ካሉበት ይፍረዱን።

ባለ ብራና፦ ኧረ ዓረፍተ ነገሩስ? ዛሬ ማታ ማተሚያ ቤት ይገባል።

የደጋው፦ «ሥር የሰደደ»ስ? ሥሩን ማን ላከው ልትሉ ነው?