ስማርት መነጽር፦ ፎቶው ከመነጽሩ ወደ ስልኬ አልወርድ አለኝ

የጀልባው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ነኝ፣ ጣና ላይ ጀልባ እነዳለሁ፤ እንግዳ ወደ ዘጌም ወደ ደብረ ማርያምም አደርሳለሁ። ጎን ለጎን የሐይቁን ፎቶና ወሬ የምለጥፍበት የፌስቡክ ገጽ አለኝ። እምቦጩ ዛሬ የት ደረሰ፣ ማዕበል አለ ወይ፣ ዓሣ ገባ ወይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። አንድ እጄ ሞተሩ ላይ ስለሆነ በሌላው ስልክ ይዤ ስቀርጽ፣ አምና አንዱን ስልኬን ሐይቁ በላው። ይህን የሰማች የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከውጭ ስትመጣ ካሜራ ያለው መነጽር ይዛልኝ መጣች።

ያነሣል፣ ይቀርጻል፣ ብሉቱዙም ይሠራል፣ ዘፈን ያሰማኛል። ፎቶውን ወደ ስልኬ ላውርድ ስል ግን ሲሽከረከር ይቆይና አልተገናኘም ይለኛል። ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። ሌላው፣ ከጀልባ ላይ በቀጥታ ማስተላለፍ ይቻላል?

ደግሞ ትናንት ዓሣ ማራገፊያው ጋ አንዲት ዓሣ የምትበልት ሴት እያየሁ ቁልፉን ጫን ሳደርግ መነጽሬ ላይ መብራት ቦግ አለ። ቢላዋዋን አስቀምጣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና «ያ ዓይንህ ላይ የበራው ምንድን ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? አፈርኩ፣ ሄድኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ጥገና ቤት፦
መነጽሩ የቱ ነው? ስልክህስ? ቪፒኤን ትጠቀማለህ?

የጀልባው ልጅ፦
ሬይባን ሜታ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው። ስልኬ አንድሮይድ ነው። ቪፒኤን አዎ፣ ፌስቡክ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ የጫንኩት ነው፣ ከዚያ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም። ምን አገናኘው?

ጥገና ቤት፦
በሽታው እሱ ይመስለኛል። ብሉቱዝ ለድምፅና ለትእዛዝ ይበቃል እንጂ ለቪዲዮ ጠባብ ነው። ስለዚህ ስታወርድ መነጽሩ ራሱ የራሱን ትንሽ ዋይፋይ ይከፍታል፣ ስልክህ እዚያ ውስጥ ይገባል። ቪፒኤንህ ደግሞ «ሁሉም ነገር በእኔ በኩል ይለፍ» ባይ ነው። አንዱ አፍንጫህ ላይ፣ አንዱ ኪስህ ውስጥ ሆነው አይተያዩም!

ቪፒኤኑን ከመተግበሪያው ብቻ ሳይሆን ከስልኩ ሴቲንግም «ሁልጊዜ ይብራ» የሚለውን አጥፋው። ለመነጽሩ መተግበሪያ የቦታና በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የማግኘት ፈቃድ ስጠው። ከዚያ ስልክህ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ልቀይር?» ሊልህ ይችላል። እንዳትቀይር! ሱቄ የሚመጣው ሰው ግማሹ እዚህች ላይ ነው የሚሳሳተው። ኢንተርኔት የለውም ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም፣ የመነጽሩ ዋይፋይ ነዋ። ለማውረዱ ካርድም አይቆጥርብህም። የተቀረጸው እስካሁን አልጠፋም፣ መነጽሩ 32 ጊጋባይት ይይዛል።

ፖሊ ግቢ፦
ስለ ላይቭ፦ ይቻላል፣ ወደ ፌስቡክና ኢንስታግራም ነው፤ አንዱ ላይቭ ቢበዛ 30 ደቂቃ ነው። የሚሄደው በስልክህ ዳታ ስለሆነ ከከተማው ስትርቅ መቆራረጡ አይቀርም። እኔ ብሆን ከሐይቁ ላይ ላይቭ አልሞክርም። 30 ሰከንድ ቀርጸህ ወደብ ስትደርስ ለጥፍ። ላይቭ ባትሪውንም ይጨርሰዋል። መነጽሩ በደህናው ቀን 4 ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው፤ ማኅደሩ፣ ማለትም ማስቀመጫው፣ ውስጥ ስታስገባው መልሶ ይሞላል፣ ስለዚህ ማኅደሩን ቤት አትተው። ለቴሌግራምና ለቲክቶክ ከሆነ መጀመሪያ ስልክህ ላይ አውርደህ እንደ ማንኛውም ፎቶ ነው የምትልከው። በአማርኛ «ፎቶ አንሣ» ብትለው ደግሞ አይሰማህም፣ ቁልፉን ተጠቀም፤ አንዴ ጫን ፎቶ፣ ተጭኖ መቆየት ቪዲዮ።

ደንገል፦
እኔም አለኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሌንሱ በጣም ሰፊ ነው፣ እንደ ስልክ ማቅረቢያ የለውም። በደንገል ታንኳ ላይ ያለ ሰው በዓይንህ ቅርብ ይመስልሃል፣ ፎቶው ላይ ግን የእንጨት ስንጣሪ ነው። ይብራ የሚባለው የውሃ ወፍም ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። የሚያምርበት በሁለትና በሦስት ሜትር ያለ ነገር ነው፦ መረብ ሲጎተት፣ ቡና ሲፈላ፣ የጀልባህ አፍንጫ ውሃውን ሲሰነጥቅ። ስትቀርጽ ደግሞ ዓይንህን ሳይሆን አንገትህን ቀስ አድርገህ አዙር፤ አለበለዚያ የሚያየው ሰው ያጥወለውለዋል።

የጀልባው ልጅ፦
ለካ ጉማሬው ድንጋይ የመሰለው ለዚህ ነው! ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ያነሣሁት ነበር።

ጋሽ ጀልባ፦
ልጄ፣ ጉማሬ ለፎቶ ብለህ እንዳትጠጋ። 30 ዓመት እዚህ ውሃ ላይ ነድቻለሁ። ለካሜራህ ስትል የሰው ነፍስ ጭነህ አትቅረብ። መነጽሩንም በገመድ ከአንገትህ እሰረው፣ ስልክህ የሄደበትን ታውቃለህ።

ጥገና ቤት፦
ጋሽ ልክ ናቸው። መነጽሩ ፍንጣቂና ካፊያ ይችላል፣ ውሃ ውስጥ መግባት ግን አይችልም። ማኅደሩን ደግሞ የጀልባው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ውስጥ እንዳትተወው፣ ባትሪ ሙቀት ይጠላል።

አዲስ ገብ፦
መብራቷን በጥቁር ፕላስተር ሸፍናት፣ ማንም አያይህም 😄

ፖሊ ግቢ፦
ስትሸፈን ካሜራው አልቀርጽም ይላል፣ ግለጠው ብሎ ይነግርሃል። መብራቷ የተሠራችው ለዚያች ዓሣ ለምትበልተው ሴት ነው።

የሕግ ተማሪዋ፦
ወንድሜ፣ ያፈርከው ደግ አደረግህ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ነው፣ መነጽር ካሜራ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ አንቀጽ 27 ግን የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትም ማባዛትም መሸጥም አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ይለቃል፦ ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር ከተያያዘ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ የጥምቀትን ሕዝብ ከሩቅ ብትቀርጽ ሌላ ነው፣ የአንዲትን ሴት ፊት በሁለት ሜትር አንሥተህ መለጠፍ ሌላ ነው።

ወሬውንም ተጠንቀቅ። «ጀልባ ተገለበጠ» የሚል ነገር ሰምተህ የድሮ ቪዲዮ አታያይዝበት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። ራስህ ያየኸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የት እንደነበርክ ጻፍ። የሟች ቤተሰብ ሳይሰማ ፊት አታሳይ።

የዘጌ ዲያቆን፦
ወደ ገዳማቱ እንግዳ ስለምታመጣ፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትገባ በር ላይ አውልቀው። ካሜራ በእጅ ሲያዝ ጥበቃው አይቶ ይፈቅዳል ወይ ይከለክላል። መነጽሩን ግን መነጽር ነው ብሎ ያልፈዋል፣ በኋላ ሲያውቅ ጠቡ ከአንተ ጋር ነው። ጠይቅ፣ ከፈቀዱልህ መልሰህ አድርገው።

የጀልባው ልጅ፦
ወረደ!! ቪፒኤኑ ነበር። 214 ፎቶ በአንዴ ገባ፣ ግማሹ የገዛ ጉልበቴ ነው። ጥገና ቤት፣ እግዜር ይስጥህ፣ ቡና በእኔ።

ዛሬ ጠዋት ሴትየዋ ዘንድ ሄድኩ። መነጽሩን አውልቄ ሰጠኋት፣ አደረገችው፣ ቁልፉን አሳየኋትና እሷ እኔን አነሣችኝ። ከዚያ የትናንቱን ፎቶዋን ስልኬ ላይ አሳየኋት። «ፊቴን ተወው፣ እጄንና ዓሣውን አውጣ» አለች። «ቦታዬንም ጻፍበት፣ ደንበኛ ይምጣ።» ቆርጬ ለጠፍኩት።

አዲስ ገብ፦
ቆረሶ ዓሣ አላት?

የጀልባው ልጅ፦
አላት፣ አምባዛም አላት። እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ፣ ከዚያ በኋላ ሆቴሎቹ ያነሡታል።