ክሊር ክሪክ ላይ ከፊቴ ገቡብኝ፤ የሕዝብ ውሃ ላይ ደንቡ ምንድን ነው?

የኦሮራው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ዴንቨርና አካባቢው ትራውት የሚባለውን ዓሣ የምታጠምዱ ሐበሾች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው እዚህ የምጠይቀው።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ከአይዳሆ ስፕሪንግስ ከተማ ወረድ ብሎ ክሊር ክሪክ ወንዝ ላይ ነበርኩ። ውሃው ጠርቷል። ድራይ ፍላይ (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ዝንብ) አስሬ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ። ከፊቴ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ ከጀርባው ውሃው ረጋ ብሎ ይዞራል፤ እዚያች ውስጥ አንድ ብራውን የሚባለው ትራውት አፉን ብቅ እያደረገ ከላይ ነፍሳት ሲለቅም አይቼዋለሁ። ልጥልበት እየተጠጋሁ ሳለ ሁለት ሰዎች መኪናቸውን መንገድ ዳር አቁመው ቀጥ ብለው ወረዱና ከኔ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ከፍ ብለው ገቡ። ገቡ ስል ውሃው ውስጥ፣ እስከ ጉልበታቸው። ዓሣው ወዲያው ጠፋ። በእርጋታ "ወደ ላይ እየመጣሁ ነበር እኮ" ብላቸው አንደኛው "የሕዝብ ውሃ ነው፣ ገዝተኸዋል እንዴ?" አለኝ። ጭቅጭቅ ስለማልወድ ክሬን ጠቅልዬ ሄድኩ። ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ሕጉ በእርግጥ ከነሱ ጋር ነው? ሌላ ሰው ሲያጠምድ ካየን ምን ያህል ነው መራቅ ያለብን?

አንድ ሌላ ነገርም አለኝ። አጎቴ ዓሣ ይዤ መልሼ እንደምለቅ ካወቀ ጀምሮ "የማትበላውን ለምን ታቆስላለህ?" እያለ ይቆጣኛል። የሚረባ መልስ ሰጥቼው አላውቅም።

ሽቅብ ሂያጅ

መከንከንህ ተገቢ ነው ወንድሜ፤ ያደረጉት ነውር ነው። ሕግ ግን አልጣሱም። የኮሎራዶ ደንብ ስለ ላይሰንስ፣ ስለምትወስደው ዓሣ ቁጥር፣ ስለ መንጠቆ ዓይነት ይናገራል እንጂ ከሌላ አጥማጅ ይህን ያህል ሜትር ራቅ አይልም። እሱን የያዘው የአጥማጆች ልማድ ነው። ልማዱ ደግሞ ከዓሣው ጠባይ የመጣ ነው።

ትራውት ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ምግቡን ውሃው ነውና የሚያመጣለት። ስለዚህ አጥማጁ ከኋላው፣ ከታች ወደ ላይ ይጠጋዋል። ሽቅብ የሚሄድ ሰው ከፊቱ ያለው፣ ገና ያልደረሰበት ውሃ የሱ ተራ ነው። ቁልቁል የሚመጣው ሰው ነው የሚለቀው። ከውሃው ይወጣል፣ ጥላው ውሃው ላይ እንዳያርፍ ከዳሩ ራቅ ብሎ ዞሮ ያልፋል፣ ከዚያ ከሰውዬው በደንብ ርቆ ይገባል። ከላይ ዘው ብሎ መግባት የባሰ የሚሆነው የረገጥከው ጭቃና አሸዋ በሙሉ ታች ወዳለው ሰው ስለሚወርድ ነው። አንተም ያየኸው ይሄንኑ ነው።

"የሕዝብ ውሃ ነው" የሚለው መልስ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊት ገብቶ "መንገዱ የመንግሥት ነው" እንደማለት ነው። የግል ውሃ ቢሆን ባለቤቱ ሰው ይመድብ ነበር፤ የሁላችንም ስለሆነ ነው ተራ መጠበቅ ያስፈለገው።

ርቀቱ እንደ ወንዙ ነው። ክሊር ክሪክ ጠባብ ነው፣ ዓሣው ትንንሽ ብራውን ነው የሚበዛው፣ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ጊዜ ጥለህ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። አንድ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ውሃ ይሸፍናል ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ሰው ካየሁ ቢያንስ ሁለት መታጠፊያ አልፌ ነው የምገባው። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ዴከርስ የሚባለው ቦታ በቅዳሜ ቀን ብትሄድ ይሄ አይሠራም። ሰው ይበዛል፣ አብዛኛው ኒምፍ (ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ሰው ሠራሽ ነፍሳት) አስሮ አንድ ቦታ የቆመ ነው። እዚያ የሚያዋጣው መጠየቅ ነው። ከዳር ቆመህ፣ ውሃ ሳትነካ፣ "ወደ ላይ ነህ ወደ ታች? እዚያ ታች ብገባ ይረብሽሃል?" በለው። አብዛኛው ሰው ተጠይቆ እምቢ አይልም፤ እንዲያውም ዓሣው ምን እየበላ እንደሆነ ይነግርሃል፣ ከሣጥኑ ዝንብ አውጥቶ የሚሰጥህም አለ።

በዚያው ልክ ቦታ መያዝም ልክ አለው። አንድ ጥሩ ጥልቅ ውሃ ላይ ከንጋት ጀምሮ ተተክሎ የሚውል ሰው ከፊት ከሚገባው ብዙም አይሻልም። ጥቂት ዓሣ ከያዝክ፣ ከኋላህ የሚጠብቅ ሰው ካየህ፣ ልቀቅለት።

ከቦዝማን

ሽቅብ ሂያጅ ስለ ልማዱ ያለው ልክ ነው። ሕጉ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው።

እኔ ያለሁት ሞንታና ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣ ሕግ ከሕዝብ መንገድ ወይም ከድልድይ በኩል ወንዙ ውስጥ ከገባህ፣ ውሃው በተለመደው ሙላት ጊዜ እስከሚደርስበት ምልክት ድረስ ብትሄድ፣ ግራና ቀኙ የማንም እርሻ ይሁን ማንም አይከለክልህም። በሰውዬው ሜዳ አቋርጠህ ወደ ወንዙ መውረድ ግን አትችልም። ኮሎራዶ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሰጠው ውሳኔ ጀምሮ፣ በግል መሬት ውስጥ የሚያልፍ ወንዝ ውሃው የሕዝብ ቢሆንም ከሥር ያለው አልጋ (የወንዙ ወለል) የባለመሬቱ ነው ተብሎ ነው የሚሠራው። ድንጋዩን ከረገጥክ ሰው ግቢ ገብተሃል። ስለዚህ አንድ ወንዝ ላይ አንዱ ኪሎ ሜትር የሕዝብ፣ ቀጣዩ የግል፣ ከዚያ እንደገና የሕዝብ ይሆናል። ዴከርስና ቺዝማን ካንየን መካከል ራሱ የግል ክለብ ውሃ አለ።

አጥርና የ"ኖ ትሬስፓሲንግ" ምልክት ካየህ በቃ ተመለስ። ምልክት የለም ማለት ደግሞ የሕዝብ ነው ማለት አይደለም። የመሬት ባለቤትነት የሚያሳይ ካርታ ስልክህ ላይ ጫን፤ ሲግናል ስለማይኖር ከቤት ሳትወጣ አውርደው።

የቦልደሯ

የአጎትህን ጥያቄ ልመልስ፤ እኔም ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሰምቻለሁ። አጎትህ የሚሉት ከንቱ ነገር አይደለም፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ዓሣው በመንጠቆ ይወጋል፣ ይታገላል፣ ይደክማል። ያንን ካደረግን በኋላ "ለቅቄዋለሁ" ማለት ብቻውን አያጸድቅም። ተለቆ የሚተርፍ ከሆነ ነው መልቀቁ ትርጉም ያለው፤ የሚተርፈው ደግሞ በአያያዝህ ነው።

መንጠቆህ ላይ ወደ ኋላ የዞረችውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቃት። እጅህን ውሃ ውስጥ ሳትነክር ዓሣ አትንካ፤ ሰውነቱን የሸፈነው ልጋግ ከበሽታ የሚከላከልለት እሱ ነው፣ ደረቅ እጅ ሲነካው ይላጣል። የጎማ መረብ ያዝ። ዓሣውን መረቡ ውስጥ፣ ውሃው ውስጥ እንዳለ ይዘህ መንጠቆውን አውጣ። በስንጥቡ በኩል ጣትህን አታስገባ፣ ሆዱን አትጭመቅ። ፎቶ ካስፈለገህ ካሜራው ሲዘጋጅ ብቻ ለአፍታ ብድግ አድርገህ መልሰው። ከዚያ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አድርገህ ያዘው፤ ስንጥቡ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያለህ፣ ጅራቱ ሲጠነክር በእጅህ ይሰማሃል፣ ራሱ ነው የሚሄደው። አትወርውረው!

አሁን በጣም አስፈላጊው። የውሃ ቴርሞሜትር ግዛ፣ ርካሽ ነው። ውሃው 68 ፋራናይት፣ ማለት 20 ሴልሺየስ ከደረሰ አቁም። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ታግሎ የደከመ ትራውት አያገግምም። ከእጅህ ዋኝቶ ሲሄድ ደህና ይመስልሃል፣ ቆይቶ ይሞታል። በፍልሰታ ሰሞን ያለው ጊዜ እዚህ ከባዱ ነው፤ ውሃው ያንሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል። በማለዳ ሄደህ ሙቀቱ ሳይመጣ ተመለስ። ማንም ስለማይቆጣጠርህ ነው የምነግርህ። ብዙ ጊዜ ማቆም ግዴታ አይደለም፣ በፈቃደኝነት ነው፣ ሰውም እያየ ዝም ብሎ ያጠምዳል። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

በኦክቶበርና ኖቬምበር ደግሞ ብራውን እንቁላል ይጥላል። ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን ጠርጋ ጎድጓዳ ታደርገዋለች፤ ከዙሪያው ቡናማ አልጋ መሀል ነጣ ያለ፣ የታጠበ የሚመስል ክብ ጠጠር ታያለህ። እንቁላሉ ከዚያ ሥር ነው፣ ለወራት ይቆያል። አትርገጠው። ላዩ ላይ የቆመውን ዓሣም ተወው፤ ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይወረውርበታል።

ጋሽ ዓሣ ወዳድ

የቦልደሯ እኅቴ፣ አያያዙን ስታስረጂ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ተምሬበታለሁም። ግን እኔ ከልጁ አጎት ጋር ነኝ። ሰላሳ ዓሣ ይዞ ሰላሳውንም የለቀቀ ሰው፣ አራት ይዞ አራቱን ለቤተሰቡ ወስዶ ክሩን ከጠቀለለው ሰው የተሻለ ነው ብዬ አላምንም። ያን ሁሉ ዓሣ ነካክቶ፣ ጥቂቱ እንኳ ቢሞትበት፣ ማን ነው ወንዙን የጎዳው? እኔ በጾም ጊዜ ለቤተሰብ አንድ የዓሣ ጥብስ የሚሆን ስይዝ በቃኝ እላለሁ፣ ከዚያ ተቀምጬ ውሃውን አያለሁ። ሐበሻ ዓሣ ይዞ ሲሄድ በክፉ ዓይን የሚያዩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ላይሰንስ አለኝ፣ ቁጥሬን አላልፍም፣ ለምን አፍራለሁ?

የቦልደሯ

ጋሼ፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሰላሳ ዓሣ መቁጠር ጨዋነት አይደለም፤ እኔም ጥቂት ሲበቃኝ አቆማለሁ። በሕጉ መሠረት የሚበላ ሰውንም ማንም ሊያሳፍረው አይገባም። በኮሎራዶ ጠቅላላው ገደብ በቀን አራት ትራውት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ውሃ የራሱ ልዩ ሕግ ሊኖረው ይችላል። ለምሳሌ ቺዝማን ካንየን ውስጥ በሰው ሠራሽ ዝንብና ሉር (ሰው ሠራሽ ማታለያ) ብቻ ነው የሚጠመደው፣ ትራውትም በሙሉ ይለቀቃል። ስለዚህ ለመብላት ሲፈልጉ ቦታውን ይምረጡ፦ መንግሥት በማርቢያ ያሳደገውን ሬይንቦ ትራውት በየጊዜው የሚጨምርባቸው ሐይቆችና ኩሬዎች ለዚሁ ተብለው ነው የሚሞሉት። ተራራ ላይ ባሉት ትንንሽ ጅረቶችና ሐይቆች ደግሞ ብሩክ ትራውት አለ። ከምሥራቅ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ይዋለዳል፣ ይቀጭጫል፣ የአገሩን ከትስሮት የሚባለውን ትራውት ያፈናቅላል። እሱን መብላት ወንዙን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ከትስሮት ከያዙ ግን እባክዎ ይልቀቁት።

በማጥመጃ ትል የያዙት ዓሣ ብዙ ጊዜ መንጠቆውን ይውጠዋል፣ ተለቆ የመትረፍ ዕድሉ ያንሳል። ስለዚህ በትል የሚያጠምድ ሰው የእርስዎን መንገድ ቢከተል ይሻለዋል፦ የተፈቀደለትን ያህል ይያዝ፣ ይውሰድ፣ ያቁም።

የጎባ ልጅ

ከርቀት እያነበብኳችሁ ነው። ለማታውቁ፣ ትራውት ባሌም አለ። ዲንሾ አጠገብ ዌብ ወንዝና ሌሎች የተራራ ጅረቶች ላይ ብራውንና ሬይንቦ ድሮ በንጉሡ ጊዜ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። የእኛ አገር ዓሣ አይደለም ማለት ነው፤ ግን በቅዝቃዜው ተስማምቶት ተዋልዷል። ከውጭ የምትመጡ ዘንግ ይዛችሁ የምትመጡ አላችሁ። ፈቃድ ሳትይዙ ወንዝ አትውረዱ፣ አስጎብኚ ከአካባቢው ልጆች ያዙ። ከብት የሚያጠጣ እረኛ ከመጣ ደግሞ ቦታውን ልቀቁለት፤ ውሃው መጀመሪያ የከብቱ ነው።

እዚያ አሜሪካ የለበሳችሁትን ዌደር፣ ማለት ውሃ የማያስገባውን ሱሪ፣ እና ጫማም ሳታደርቁ እንዳታመጡ አደራ።

ሽቅብ ሂያጅ

የጎባ ልጅ ያነሳው ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የኮሎራዶን ሬይንቦ የፈጀው ዊርሊንግ የሚባለው በሽታ ነበር፤ ጫጩቶቹ ጅራታቸውን እያሳደዱ ይሽከረከሩና ይሞታሉ። ኒውዚላንድ ማድ ስኔል የምትባለዋ ቀንድ አውጣ ደግሞ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፣ ጫማ ሥር ተጣብቃ ከወንዝ ወንዝ ትሻገራለች። ጭቃውን በብሩሽ ፈትግ፣ ውሃውን አፍስስ፣ ሙሉ በሙሉ አድርቅ። ሁለት ወንዝ በአንድ ቀን የምትሄድ ከሆነ ሁለተኛ ጫማ ያዝ።

የኦሮራው ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴ ከጋሽ ዓሣ ወዳድ ጋር ቢገናኝ በደንብ የሚግባቡ ይመስለኛል። እሱን ሬይንቦ የሚጨመርበት ሐይቅ ልወስደው ነው፣ ይዞ ይብላ።

አንድ የቀረችኝ ነገር፤ ከፊቴ ሰው እንደገና ቢገባብኝ በቦታው ምን ልበል? ዝም ማለቴ ልክ ነበር?

ሽቅብ ሂያጅ

አለመጣላትህ ልክ ነበር። በሚቀጥለው ግን ሳይገቡ ቀድመህ እጅህን አንሣና "ወደ ላይ እየሄድኩ ነው፣ ከኔ በታች ያለውን ጨርሻለሁ፣ ግቡበት" በላቸው። ብዙው ሰው ደንቡን ስላላወቀ ነው የሚገባው፤ ሌላ ቦታ ስታሳየው ደስ ብሎት ይሄዳል። እምቢ ካሉ አትከራከር፤ ከውሃው ውጣና በመንገዱ በኩል አልፈሃቸው ሩቅ ሂድ። ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ሲወስዱ ካየህ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። የመኪናውን ታርጋና ቦታውን ያዝ፣ ሕገወጥ አደንና ዓሣ ማጥመድ ወደሚጠቆምበት ኦፕሬሽን ጌም ቲፍ ደውል፣ ስምህን መናገር አይጠበቅብህም።

ያ ቋጥኝ ጀርባ ያለው ብራውን ደግሞ የትም አይሄድም። በሥራ ቀን በማለዳ ሂድበት፣ ክርህን ቀጠን አድርገህ።