አስቸኳይ፦ «አቁሙ» ላሉን ሰዎች ማስታወቂያ እየሄደባቸው ነው

የሳቢያኗ፦ ሰላም ቤተሰብ። ድሬዳዋ ሳቢያን የልጆች ልብስ ሱቅ አለን። ማስታወቂያ በስልክ መልእክት በጅምላ በሚልክ ሲስተም ነው የምንልከው። «አቁሙ» ብለው የመለሱልን ሰዎች ዛሬም ደረሳቸው፤ አንዷ ደውላ ተቆጣች። ቀጣዩ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ይወጣል። የሠራልን ልጅ ስልክ አያነሳም። ምን ላድርግ?

ከዚራ፦ መጀመሪያ የነገውን አቁሚው።

መምህር፦ እህቴ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ፈቃድ የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ፈቃዱን ማንሳት ይችላል። የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህን ነጋዴ ሁሉ ማወቅ አለበት።

ቀፊራ፦ የሰዎቹን ስልክ ቁጥር ከየት አመጣችሁት?

የሳቢያኗ፦ ግማሹ ከእኛ የገዙ ናቸው። ሌላው ባዛር ላይ ለዕጣ የተመዘገቡ።

ቀፊራ፦ ለዕጣ የተመዘገበ ሰው ማስታወቂያ ላኩልኝ አላለም። ችግሩ ሲስተሙ ሳይሆን ዝርዝሩ ነው።

የሳቢያኗ፦ ማንም አላስገደዳቸውም እኮ! አሁን የቸገረኝ የነገው ነው።

ታይዋን ሰፈር፦ በበርጫ (ጫት መቃሚያ) ሰዓት ብትልኪ ኖሮ ያቺ የተቆጣችው ሱቅሽ ድረስ ነበር የምትመጣው 😂

ኮደሩ፦ እንዲህ ዓይነት ሲስተም እሠራለሁ። ብዙ ጊዜ ሲስተሙ የሚያውቀው «ስቶፕ» የሚለውን ብቻ ነው። ድሬ ላይ ግን ሰው «አቁሙ»፣ በኦሮምኛ «ዻቢ»፣ በሶማልኛ «ጆጂ»፣ «ኧረ በቃችሁ» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ የመጣውን መልስ ሁሉ ቁጭ ብለሽ በዓይንሽ አንብቢ። እምቢ ያሉትን ቁጥሮች ዝም ብለሽ አታጥፊ፤ ነገ ከሽያጭ ደረሰኝ ላይ ተመልሰው ይገባሉ። «አይላክላቸውም» የሚል መዝገብ ለብቻ ክፈቺላቸው፤ ከመላክሽ በፊት ሁልጊዜ ከሱ ጋር ይመሳከር። ደግሞ አንድ ቁጥር በ09ም በ+251ም ተጽፎ ከሆነ ሲስተሙ ሁለት ሰው ይመስለዋል። አንዱን ስትዘጊ በሌላው ይሄዳል። ላኪው ላይ የሱቁ ስም ብቻ የሚታይ ከሆነም ሰው መልስ መጻፍ አይችልም፤ የሚደወልበት ቁጥር ጨምሪ። አንድ የአማርኛ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነውና ማስታወቂያውን አሳጥሪው እንጂ «ለማቆም» የሚለውን መስመር እንዳትቆርጪ። የባዛሩን ዝርዝር ግን ተይው። ቀፊራ ልክ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ የነገውን አቁሚ በቃ።

የሳቢያኗ፦ ኮደሩ ተባረክ! የደወለችው ሴትዮ ቁጥር በሁለቱም መልክ አለ። የነገውን ማቆሚያው ግን የቱ ጋ ነው? «የተቀጠሩ መልእክቶች» የሚል አለ፤ ስነካው አይከፈትም።

ኮደሩ፦ የገጹን ፎቶ አንሥተሽ ለጥፊ፤ የደንበኞቹን ቁጥር ግን ሸፍኚው።

ከዚራ፦ እህት፣ ቆመ?