የኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ቁጥጥር፦ ለጋራ ምክረ ሐሳባችን ሁለተኛ ረቂቅ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪዋ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ኦፒዮይዶች፣ ማለትም እንደ ሞርፊንና ኮዴይን ስላሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ የጻፍነውን የመጀመሪያ ረቂቅ ደግሜ አነበብኩት። እውነቱን ለመናገር ከምክረ ሐሳብ ይልቅ እሮሮ ይመስላል። «ኦፒዮይድ አደገኛ ስለሆነ ይገደብ» ብሎ ያልፋል፤ ማን ምን እንዲያደርግ እንደምንጠይቅ ግን አንድም ቦታ አይናገርም። እስከ ዓርብ እያንዳንዳችሁ አንድ ነጥብ ብቻ አምጡ፤ ያንኑ አንድ ነጥብ እስከ ሥሩ ውረዱበት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ። ባለፈው ስብሰባ ሁለቱ አቆጣጠሮች ተቀላቅለውብን ግማሽ ቀን አቃጥለናል።

የሕግ ባለሙያው፦
እኔ ከአንዲት ቃል ልጀምር። ኦክሲኮንቲን የተባለው ቀስ ብሎ የሚለቀቅ የኦፒዮይድ ክኒን በ1995 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲፈቀድ፣ መድኃኒቱ ቀስ እያለ ወደ ሰውነት መግባቱ ያላግባብ የመወሰድ ዕድሉን እንደሚቀንስ «ይታመናል» የሚል ሐረግ ከመድኃኒቱ ጋር በሚወጣው መግለጫ ላይ ሰፍሮ ነበር። ያመነው ማን ነው? በምን ማስረጃ? የአምራቹ ወኪሎች ይህንኑ ይዘው ከሐኪም ወደ ሐኪም ዞሩ። ክኒኑ ተፈጭቶ ሲወሰድ ግን ለሰዓታት ሊዳረስ የታሰበው መጠን በአንድ ጊዜ ይገባል። ሐረጉ የተሰረዘው በ2001 ነው። በ2007 ከአምራቹ ጋር የተያያዘ ኩባንያ አደጋውን አሳንሶ በማስተዋወቅ ጥፋተኝነቱን አመነ፤ ክፍያውም ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ሌላም አለ። «ሱስ አያስይዝም» ለሚለው ስብከት መደገፊያ ሆኖ ሲጠቀስ የኖረው በ1980 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አምስት ዓረፍተ ነገር ያለው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚናገረው ሆስፒታል ተኝተው ስለታከሙ ሰዎች ብቻ ነበር፤ ወደ ቤት ይዘውት ስለሚሄዱት አልነበረም። በ2017 ተመራማሪዎች ቢቆጥሩ ከ600 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ አገኙት።

ስለዚህ የእኔ ነጥብ፦ ስለ ደኅንነት የሚነገር ማንኛውም ቃል ያለ ማስረጃ በመግለጫ ላይ አይስፈር፤ ሐኪሞችን ስለ መድኃኒቱ የሚያስተምረውም ሻጩ አይሁን።

ነርሷ፦
የእኔ ከወረቀት የራቀ ነው። አንድ ሌሊት ከቀዶ ሕክምና የወጣች ሴት ቤተሰቦች «ደክሟት ነው፣ እያንኮራፋች ነው፣ ተዋት ትተኛ» አሉኝ። እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ሰዓቴን አየሁ። በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ብቻ ተነፈሰች፤ ጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ባትሪ ሳበራ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሏል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አልነበረም።

የኦፒዮይድን ውጤት የሚቀለብሰውን ናሎክሶን ሰጠናት፤ ዓይኗን ገለጠች። ቤተሰቡ «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ትንፋሿ እንደገና ወረደ። ናሎክሶን ቶሎ ያልቃል፤ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ኦፒዮይድ ግን አብሮት አያልቅም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ቦርሳዋ ሲፈተሽ ከሌላ ሐኪም የታዘዘላት የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ። ሁለት ማዘዣ፣ ሁለት ሐኪም፣ አንዱ ስለሌላው አያውቅም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኦፒዮይድንና እንዲህ ያለ መድኃኒትን አብሮ መውሰድ ለሞት ሊዳርግ እንደሚችል በመግለጫዎቹ ላይ በጥቁር ሣጥን እንዲጻፍ ያዘዘው በ2016 ነው። ሣጥኑ ግን ማዘዣውን የሚጽፈው ሰው ዘንድ ካልደረሰ ምን ይረባል? የማዘዣ መዝገቦች እርስ በርስ ይተያዩ፤ ነጥቤ ይህ ነው።

አስታማሚ የነበሩት አባል፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን አንድ ነገር ዘንግታችኋል። ባለቤቴ በካንሰር ስትሰቃይ ሌሊቱን ያሳለፍነው በሞርፊን ነው። አንድ ጊዜ ለአራት ቀን ጠፋ። ትራሷን ነክሳ ነበር የምታድረው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። የዓለም ጤና ድርጅት ሞርፊንን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ያስገባው በከንቱ አይደለም፤ የ1961ዱ የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነትም ለሕመም ማስታገሻነት አስፈላጊ መሆናቸውን በመግቢያው ላይ ይመሰክራል። «ይገደብ» የሚለው ቃል ካልወጣ ስሜን ከፈራሚዎቹ አውጡልኝ።

ፋርማሲስቷ፦
አባባ፣ በቃሉ እስማማለሁ፤ እኔም እርስዎ ባሉት ላይ ልጨምር። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ ለኖረ ሰው በድንገት ማቋረጥም አደጋ ነው፤ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በ2019 ይህንኑ አስጠንቅቋል። መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነስ እንጂ አይቆረጥ።

የእኔ ነጥብ ኮዴይን ነው። ሁሉም ሰው «ቀላሉ» ይለዋል። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ የሚለወጥበት ፍጥነት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። በዘር ውርስ ምክንያት በጣም በፍጥነት የሚለውጡ ሰዎች አሉ፤ ለእነሱ የተለመደው መጠን ራሱ ከልክ በላይ ይሆናል። ይህ ባሕርይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሕዝቦች መካከል የቀድሞው የአሜሪካ የኮዴይን መግለጫ ኢትዮጵያውያንን በስም ይጠቅስ ነበር። ቶንሲል ከወጣላቸው በኋላ ኮዴይን ተሰጥቷቸው የሞቱ ሕፃናት ስለነበሩ በ2013 በአሜሪካ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለልጆች መስጠት ተከለከለ፤ በ2017 ደግሞ ኮዴይንና ትራማዶል የተባለው ሌላ ኦፒዮይድ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ ተባለ። ማስጠንቀቂያው የመጣው መድኃኒቱ ገበያ ላይ ብዙ አሥርት ዓመታት ከቆየ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ አምራቹ ከፈቃድ በኋላም ጉዳትን እየተከታተለ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ።

በነገራችን ላይ፣ ፈንታኒል የተባለው በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ብርቱ ኦፒዮይድ አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላም ሕፃን የሚገድል መጠን ሊቀርበት ይችላል። የሚጣለው የሚያጣብቀው ፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው። ይህም በአንድ መስመር ይግባልን።

የሕግ ባለሙያው፦
የመጀመሪያ ማዘዣ ከሦስት ቀን እንዳያልፍ በሕግ ብንጠይቅስ?

ነርሷ፦
ቁጥር በሕግ አይታሰር። በ2016 የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለአጣዳፊ ሕመም ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን እንደሚበቃ መክሮ ነበር። የመመሪያው ምክሮች በየቦታው ወደ ጥብቅ ደንብነት ተቀየሩና የተጎዱት ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሆኑ። የ2022ቱ መመሪያ ያንን ለማለዘብ ነው የተጻፈው። «የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ ምክንያቱ ተጽፎ» እንበል።

አስተባባሪዋ፦
ተስማምተናል። «ይገደብ» ወጥቷል። በምትኩ፦ «ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሳይነፈግ፣ መድኃኒቱ በማስረጃ ይፈቀድ፣ በመዝገብ ይታዘዝ፣ ከተፈቀደም በኋላ ክትትሉ አይቋረጥ።» የመግለጫውን አንቀጽ የሕግ ባለሙያው፣ የክትትሉን ፋርማሲስቷ፣ የመዝገቡን ነርሷ ይጻፉ። አባባ፣ ስለ ሕመምተኞች መብት ያለውን አንቀጽ እርስዎ ያርሙልን፤ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ይገባል።

አስታማሚ የነበሩት አባል፦
አርማለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከሆነ ግን ማንም አያነበውም፤ ከመጀመሪያው አድርጉት።

አስተባባሪዋ፦
አንቀጽ አንድ ሆኗል። ስምዎ እንዳለ ይቆያል።